የማትቀመጥ አምበል

ፀሐይወርቅን ጨዋታ ላይ ተቀምጣ ያያት ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። የባሕር ዳር የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን አምበል ናት። ዕድሜዋን ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አትናገርም፤ እኛ ግን ከአንዳንዶቻችን እናቶች ብዙም እንደማታንስ እናውቃለን። ጉልበቷ አልቋል። ሲብስባት አሰልጣኛችን ግሩም ይቀይራታል፤ ተቀይራ ስትወጣ ታዲያ ወንበሩ አጠገብ አትደርስም። መስመሩ ዳር ቆማ፣ የሚያማትን እግር አሳርፋ፣ ሜዳ ውስጥ ያሉትን በየስማቸው እየጠራች ትቆያለች። «እታለም፣ ኧረ አረፍ በይ» ስንላት «እነሱ ቆመው?» ትለናለች። እታለም የምንላት ለሁላችንም ታላቅ እህት ስለሆነች ነው።

እኔ መቅደላዊት ግን እቀመጣለሁ። ቤንች የማሞቀው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አኩርፌ ልቀር ስል ቤቴ ድረስ መጣች፤ ልታባብለኝ መስሎኝ ነበር። «መቅዲ፣ ዘንድሮም አትሰለፊም፤ ሩጫሽ አያደርስሽም። ግን አንቺ የሌለሽበት ቀን ልምምዱ ይቀዘቅዛል» አለችኝና ሄደች። ተናድጄ አለቀስሁ። በማግስቱ ልምምድ ሄድሁ፣ ምን ላድርግ። ሴትዮዋ ውሸት አይሆንላትም፤ ለማባበል እንኳ አይሆንላትም።

ሌላም አመል አላት። አንዷ ኳስ ስታስነጥቅና ግሩም መጮኽ ሲጀምር እጇን ታወጣና ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ «የእኔ ነው» ትላለች። ሜዳ ውስጥ ሳትኖርም እንዲሁ ናት። ግሩም ይበግናል፤ ከመስመር ውጭ ቆመሽ እንዴት ነው ያንቺ የሚሆነው ይላታል። ኳሱን ያስነጠቀችው ልጅ ግን ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ጨዋታው ትመለሳለች፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እንዲህ ሆና ነው ትንሿን ተጫዋቻችንን ሚስጥርን በጨዋታ ያሳደገቻት። ሜዳችን ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ኳስ ይጠመዝዛል። ሁላችንም ነፋሱን እየተራገምን እንወረውራለን፤ ሚስጥር ግን ከፀሐይወርቅ የተማረችውን ይዛ፣ ነፋሱ ጋብ እስኪል ኳሱን እያነጠረች ትጠብቃለች። ገና ልጅ ናት፤ እንደሷ የምትጫወት ግን እዚህ አገር አላየሁም።

ባለፈው ጎንደር ላይ ውድድር ነበረብን። የአንድ የአዲስ አበባ ክለብ ሰዎች ሚስጥርን ሊያዩ እንደሚመጡ ግሩም ሰምቶ ነበር። ከወደዷት ደሞዝ አለ፣ ትምህርት አለ። ይህ ዓይነቱ ዕድል ለእኛ መጥቶ አያውቅም፣ ለፀሐይወርቅም ቢሆን በጉብዝናዋ ጊዜ አልመጣም። የሚስጥር አባት ግን አትሄድም አሉ።

አባቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ናቸው፣ የዜማ መምህር፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ኳስ ጠልተው እንዳይመስላችሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩን ተደግፈው ያዩን ነበር። ነገሩ መንገዱ ነው። ዓምና የሚስጥር ታላቅ ወንድም ወልደ ጻድቅ ወደ ጎንደር ሲሄድ፣ ይፋግ ሳይደርስ ሰዎች ከአውቶብስ አወረዱት። እነማን እንደሆኑ የነገራቸው የለም። እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

ግሩም ደወለላቸው፣ እምቢ አሉ። ያኔ ፀሐይወርቅ ሽማግሌ እንልካለን አለች። ማንን ብለን ብንጠይቃት እኛኑ! ቱታችን ላይ ነጠላ አጣፍተን፣ ከበሩ ጉበን በላይ የሆንነው ሁሉ እየተጎነበስን ስንገባ የሰፈሩ ሰው ልጅቷ ልትዳር ነው ብሎ ወጥቶ አየን። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። እሷ ግን ቀድማ አስጠንቅቃናለች፤ እሺ እስኪሉን ድረስ እንደ ሽምግልናው ደንብ የሚቀመጥ የለም።

የሚስጥር እናት አግዳሚው ላይ አንጥፈው ተቀመጡ አሉን። ፀሐይወርቅ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አለች። የኔታ ደንቡን ያውቁታልና ፈገግ አሉ። ከዚያ መለመን ጀመረች። ከጎኗ አልለይም አለች። መንገዱ ካስፈራ ሐይቁን በጀልባ ተሻግረን በጎርጎራ እንሄዳለን አለች። የኔታ ከጎርጎራ ወዲያስ ብለው ጠየቁ፤ ከጎርጎራ ወዲያ ያው መንገድ ነው። ይህ ዕድል ተመልሶ አይመጣም አለች። አውቃለሁ አሉ። አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ታነሣለች፣ እሳቸውም ሳይቆጡ ይመልሱላታል። ጉልበቷ እየከዳት ምሰሶውን ስትይዝ አየሁ፤ እንደ ሜዳው የሚቀይራት ሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ የኔታ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ወልደ ጻድቅን ስሸኝ ምንም አይሆንም ያላለኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ዋሽተሽ እንደማታውቂ ሚስጥር ነግራኛለች። እስቲ መልሼ አመጣታለሁ በይኝ። አንቺ ካልሽኝ ትሂድ።»

ሚስጥር የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗን ከፀሐይወርቅ አልነቀለችም። እኔ በልቤ በያ፣ በያቸው እላለሁ! አንዲት ቃል ናት። ሰው ሁሉ የሚላት ቃል ናት። እኔ ብሆን ማርያምን ብዬ በማልሁላቸው።

ፀሐይወርቅ ምሰሶውን ለቀቀች። ከዚያ «የኔታ፣ እሱን አልችልም» አለች።

የኔታ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንግዲያስ ተቀመጪ፣ ልጄ» አሏት።

ተቀመጠች። ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት ትከሻዬን ይዛ ቀስ ብላ ነው የተቀመጠችው። እኛም ተራ በተራ ተቀመጥን። ሚስጥር ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክንወጣ ድረስ አላየናትም።

ያለ ሚስጥር ጎንደር ሄድን። ኳሱን የሚያመጣልን አጥተን በሁሉም ጨዋታ ተሸነፍን። የክለቡ ሰዎች ከሌላ ቡድን አንዲት ልጅ መርጠው ተመለሱ። መንገዱም፣ ያ ያስፈራን መንገድ፣ በሄድንበትም በመጣንበትም ዝም ብሎ ሰላም ነበር። ይፋግ ላይ ቆመን ሻይ ሁሉ ጠጣን። ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ንዴቴ ገንፍሎ አጠገቧ ሄድሁና «ይኸው ደርሰናል፤ ያኔ እመልሳታለሁ ብትያቸው ኖሮ ውሸት አይሆንም ነበር» አልኋት።

«አሁን ነው ያወቅነው» አለችኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ጊዜ እንደምታለቅስ ገባኝና ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ስንደርስ ሚስጥር ቆማ ነበር። ማን እንደነገራት አላውቅም። እያንዳንዳችን ስንወርድ በዓይኗ ትለቅመናለች፤ ሁላችንም ወረድን፣ አንድም የጎደለ የለም። መጨረሻ ላይ ፀሐይወርቅ የበሩን ብረት ይዛ ወረደች፤ ቀና ብላም አላየቻት።

«የእኔ ነው» አለቻት።

ሚስጥር ጠጋ አለቻት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ላይ ተቀበለቻትና ቀድማት ሄደች።