ከአንቴናው ሥር የነበረው ጣሪያ

ትናንት ከመገናኛ ወደ አያት ያደረሰኝ ወጣት ሾፌር፣ የስልኩን ካርታ እያየ በዚያ ዶፍ ዝናብ ቤቴ ደጃፍ ላይ አቆመኝ። "ደረስን እናቴ፤ ይኼ ነገር እኮ አይሳሳትም!" አለኝ። ቶሎ አልወረድኩም። የመኪናውን ጣሪያ የሚደበድበው ዝናብ ጋሽ ጀማልን አስታወሰኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ቦታ ከሚጠቁሙ ሳተላይቶች ምልክት የሚቀበል ጣቢያ ስንተክል የአንቴናውን ንድፍ የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነው። እንዲህ ያለው አንቴና ከታች ነጥሮ የሚመጣውን ምልክት የሚከለክል ባለ ቀለበት የአሉሚኒየም ሳህን ከሥሩ ይደረግለታል። እኔ ግን "እዚህ ጫካ ውስጥ ምን የሚያነጥር ነገር አለና?" ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ቶሎ ጨረሰች መባል ይጣፍጠኝ ነበር።

ጋሽ ጀማል የጣቢያው ጥበቃ ናቸው። ከአንቴናው ዝቅ ብሎ ባለች ሸራ በለበሰች ጎጆ፣ አስም ከሚያሰቃያቸው ባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ክረምት ገብቶ እዚያ በቆሎ እየጠበሱ ሲያበሉን ሸራው በላያችን ያፈሳል። አሳዘኑንና አዋጥተን ቆርቆሮ ገዛንላቸው። ተመትቶ ሲያልቅ ባለቤታቸው እያለቀሱ መረቁን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጣቢያው መለኪያ ይዘባርቅ ጀመር። ተተክሎ የቆመው አንቴና ወዲያ ወዲህ የሚሄድ አስመሰለው። ምክንያቱን ሳገኘው ክው አልኩ፤ ምልክቱ የሚነጥረው ከአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ነበር።

"ጋሽ ጀማል፣ ቆርቆሮው ሥራችንን እየረበሸብን ነው" አልኳቸው፣ ዓይናቸውን ሳላይ።

"ይኼ ነው እንዴ ያስጨነቀሽ? በይ መሰላሉን ያዥልኝ።"

"አንድ ዕቃ እስኪሠራልን ነው። ከዚያ እንመልሰዋለን።"

"ግድ የለም ልጄ፣ የመንግሥት ሥራ አይደል?"

ያዝኩላቸው። ሚስማሩን እየነቀሉ፣ መልሰው ሊመቱበት፣ እያቃኑ ኪሳቸው ከተቱት። ጥፋቱ የቆርቆሮው ሳይሆን የኔ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ሳህኑ ተሠርቶ የተገጠመው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። ቆርቆሮው ሲመለስ መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ባለቤታቸውን ግን በዚያ በሚያፈሰው ሸራ ሥር፣ በነሐሴ ብርድ አስሙ በርትቶባቸው ዘመዶቻቸው ወሎ ወስደዋቸው ነበር። እዚያው አረፉ።

"እንግዲህ ለማን ብዬ ነው?" አሉ ጋሽ ጀማል፣ መዶሻውን እንደያዙ። ያም ሆኖ መቱት፤ እኛ እንዳይከፋን።

"እናቴ፣ ደርሰናል እኮ" አለኝ ሾፌሩ ደግሞ። አመስግኜው ወረድኩ። ያ አንቴና እስከ ዛሬ በደንብ እንደሚሠራ የቀድሞ ባልደረቦቼ ያወሩልኛል። እኔ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ያን መሰላል እንደያዝኩ ነኝ።