ሞተሩ የጠጣው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ከካራቆሬ ወደ ሸዋ ሮቢት ስመጣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበርና ረዳቱ፣ «እህቴ፣ ሞተሩ ላይ ጠጋ በይ» አለኝ። ጠጋ አልኩ። ትንሽ እንደሄድን ሙቀቱ ቀሚሴን አልፎ ጭኔን ነካኝ፤ ከእግሬ ስር የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ተነሳ። ጀውሃ ሳንደርስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ምን ሆነሽ ነው በዚያ ፀሐይ መሃል መንገድ ላይ የተገተርሽው ብለሽ ስትጠይቂኝ «ምንም» ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

እኔ ያደግኩት አውቶብስ ውስጥ ነው። አባቴ ከገበያ ገበያ የሚዞር ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አንድ ያረጀ አውቶብስ አግኝቶ ወንበሮቹን አስነቀለና ከኋላ አልጋ፣ በመሃል የጨርቅ መደርደሪያ አስገጠመለት። ሰው «ቤታችሁ የት ነው?» ሲለን «ዛሬ አጣዬ፣ ነገ ሮቢት» እንል ነበር። ችግሩ ሞተሩ ነበር። ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ፣ እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ በብረት ክዳን ተሸፍኖ ነበር የተቀመጠው። በይፋት ቆላ፣ ውሻ ምላሱን አውጥቶ በሚውልበት አገር፣ ምድጃ ታቅፎ መኖር በይው።

ያን ሙቀት የምታስተዳድረው እናቴ ነበረች። ክዳኑ ላይ መጀመሪያ ወፍራም ደረቅ ብርድ ልብስ ታነጥፋለች፣ ከላዩ በውሃ የተነከረ ጆንያ። የጆንያው እንፋሎት ዝናብ እንደነካው አቧራ ይሸት ነበር፤ እኔ የቤት ሽታ የምለው እሱን ነው። በቆምንበት ሁሉ ክዳኑን ከፍታ ሞተሩን ታናፍሰዋለች፤ የሞተሩን ጀሪካን ለብቻ፣ የመጠጡን ለብቻ ትሞላለች። ደጋ ስንወጣ ደግሞ ሞተሩ ብርድ እንዳይመታው፣ እንደማንኛውም ሹፌር ልማድ፣ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን መሰካት አለበት፤ ወደ ቆላ ሲወረድ መነቀል አለበት። ጣርማበር ላይ የምትሰካው እሷ፣ ደብረ ሲና ላይ የምትነቅለው እሷ። አባቴ ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ ሁሉም ነገር ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ከዚያ ለሹፌር ጓደኞቹ፣ «የኔ መኪና ሙቀት የሚባል አታውቅም፤ አነዳድ ነው ወሳኙ» እያለ ይጎርርላቸዋል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች። እኔ ግን እበግን ነበር።

አባቴን በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ ላንቺ ሳወራልሽ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ። አይማታም ነበር፣ እሱን አልዋሽበትም። ያስቀየመውን ሰው የሚቀጣው በሞተሩ ነበር። ጆንያውንና ብርድ ልብሱን ያስነሳና፣ «እዚያ ክዳኑ ላይ ቁጭ በይና አስቢ» ይላል። ሻይ ቀዘቀዘ፣ ክዳኑ ላይ። አንድ ጣቃ ጨርቅ ረጠበ፣ ክዳኑ ላይ። እኔ አንዳንዴ አስብ ነበር። እናቴ ግን ብዙ አስባለች።

ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ከጣርማበር በላይ ካለ አንድ የደጋ ገበያ ላይ ሳለን፣ እናቴን ያንቀጠቅጣት ጀመር። መጀመሪያ ብርዱ ነው አልን። ሲመሽ ገላዋ እንደ እሳት ሆነ፣ ዓይኗ ቢጫ መሰለ፣ ጨርቆቹን በሰው ስም እየጠራች ታወራቸው ጀመር። ወባ መሆኑን የቆላ ሰው ለመለየት ሐኪም አያስፈልገውም።

«ደብረ ብርሃን ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ ቅርብ ነው» አልኩት አባቴን።

«የደጋ ሐኪም ወባን የት አግኝቷት ያውቃታል? ብርድ ነው ብሎ ነው የሚመልሳት። ሮቢት ስንደርስ በኪኒን ትነሳለች።»

በነጋታው የሮቢት ገበያ ነበር። እሱን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

ጠዋት ወረድን። ደብረ ሲና ላይ እንደ ልማዱ ቆመ፣ እንደ ልማዱ ሻዩን ጠጣ፣ እንደ ልማዱ ተመልሶ መሪውን ያዘ። እኔ የእናቴን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ በእርጥብ ሻሽ ግንባሯን እየጠረግኩ ነበር። ጆንያውን ማንም አልነከረውም፣ የሞተሩን ጀሪካን ማንም አልሞላውም። ቁልቁለቱ አልቆ አርማኒያን ካለፍን በኋላ የአባቴ ዓይን ከመንገዱ ይልቅ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ላይ ተተከለ። መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል።

ያረጀ መኪና ሲሞቅ ሹፌሮች የሚያደርጉት ነገር አለ፤ የቤቱን ማሞቂያ ይከፍቱታል። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት እየቀነሰ ወደ ሰው ይነፋዋል። አባቴ ከፈተው። አየሩ መደርደሪያውን አልፎ እስከ አልጋው መጣ፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባባ፣ በአላህ ይዝጉት! እየተቃጠለች ነው!»

«ሞተሩ ከተቃጠለ ማን ያደርሳታል? ዝም በይ።»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ልክ ነበር። አሁንም ሳስበው ልክ ነበር።

ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ እየጮኸ ቆመ። ክዳኑን ሲያነሳው ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ። የቀረን ውሃ በመጠጡ ጀሪካን ውስጥ ያለው ብቻ ነበር፤ ከግማሽ በታች። ለእናቴ እሱን ነበር በብርጭቆ የምሰጣት። ራዲያተሩ ሲበርድለት ጠብቆ ገለበጠለት። ተነሳን። ትንሽ ሄደን እንደገና ቆመ። በዚህ ጊዜ ጀሪካኑ ባዶ ነበር፤ ውሃ ያለው እኔ እጅ ላይ ባለችው ብርጭቆ ብቻ ነው፣ እናቴም ከንፈሯን አስጠግታ ነበር። መጥቶ ከእጄ ወሰዳት። እናቴ ብርጭቆዋ በሄደችበት በኩል ባዶውን አየር ትንሽ ጠጣች።

አንድ ሽንኩርት የጫነ መኪና ቆመልን። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ በመስኮት ወደ ውስጥ አየት አደረገና ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ታማሚ አለች እንዴ? ጋቢና ላስገባትና ሮቢት ሆስፒታል ላድርስልዎት። ልጅትም ትምጣ።»

እኔ የእናቴን ነጠላ ሰብስቤ ተነስቻለሁ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሚስቴን? በሰው መኪና?» አለ። «ቤቷ ውስጥ ናት። ቤቷ ያደርሳታል።»

«አይ ጋሼ፣ ሰዓት አያጥፉ…»

«አመሰግናለሁ አልኩህ።»

ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ አለቀስኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ሊሄድ ብሎ፣ ልቡ አልቆርጥ ሲለው ነው መሰለኝ፣ ጎንበስ አለና ከአውቶብሱ ፊት ያለውን ፍርግርግ አየ። እጁን ሰደደ። እርጥብ፣ በሙቀት የጠቆረ ካርቶን እየጎተተ አወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄንን ቆላ ድረስ ይዘውት ወረዱ እንዴ?»

አባቴ ካርቶኑን እንደማያውቀው ነገር አየው። እውነቱን ነው፣ አያውቀውም ነበር። በእጁ ሰክቶት አያውቅም፣ በእጁ ነቅሎት አያውቅም። ለካ ውሃው ሁሉ የፈሰሰው ነፋሱን ለዘጋበት ካርቶን ነው። ልጁ የራሱን ጀሪካን አውርዶ ራዲያተሩን ሞላ፣ የቀረውን ለእኔ በብርጭቆ ሰጠኝና ሄደ። እናቴ ውሃውን መዋጥ አልቻለችም፤ በአገጯ ወረደ።

አባቴ ወደ ኋላ መጣ። ይንበረከካል፣ እጇን ይይዛል፣ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ልጅ ነበርኩ። ካርቶኑን እንደያዘ አልጋው ራስጌ ቆመ።

«አላወጣሽውም» አላት።

እናቴ ዓይኗን ከፈተች። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ለይታ አታውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እሱንም ካርቶኑንም ለየች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበርና ቃሉ ሲወጣ አሳመማት።

«ውይ… ረሳሁት። አፉ በሉኝ።»

ሊሞት የተቃረበ ሰው የበደለውን ሰው አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ይላል፤ ያገራችን ልማድ ነው። እሷም ያን ማለቷ ነበር። አባቴ ጥቂት አሰበ። ደግነት የተሰማው ሰው ፊት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ፊቱ እንደዚያ ሆነ።

«አፉ ብያለሁ» አላት።

ከዚያ በኋላ መኪናው ምንም አልሞቀም። በመስኮቱ የማንጎ ዛፎቹ፣ የጫት ተሸካሚዎቹ፣ ባጃጆቹ ተራ በተራ አለፉ፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ እንደተኛ ሮቢት ገባን። ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ የእናቴን እጅ ይዛ ቆየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጠዋት ብትመጣ ኖሮ የሚል ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለሚያውቀው ይሆናል።

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አባቴ ለሚመጣው ሁሉ፣ «አፉ ተባብለን ነው የተለያየነው፣ አልሃምዱሊላህ» ይል ነበር። ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ፣ አላህ የሰጠው ሰው» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ሰማሁ። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

አሁን እሱም አርጅቷል። ዓይኑ ስለደከመ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ አውቶብሱን ከሸጠው ቆይቷል። ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ በከዘራው እየተደገፈ አፉ እንባባል እያለ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። የጎረቤት ፍየል አንዴ በድንጋይ መትቶ ነበርና ባለቤቷን ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አፉ አስባለ። ማታ ሻዩን ሳቀርብለት ደስ ብሎት ነበር፤ ልቡ የቀለለው ሰው ይመስላል።

«ሁሉንም ጨረስኩ» አለኝ። «የቀረ ሰው የለብኝም።»

«እሷስ?» አልኩት።

ማንን እንደሆነ ገባው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ ድምፄ ዞረና፣ አንድም ነገር ሳይደብቅ፣ በለሰለሰ ድምፅ መለሰልኝ።

«እሷንማ ያኔውኑ አፉ ብያታለሁ፣ ልጄ።»

ሻዩን እስኪጨርስ ጠበቅኩና ብርጭቆውን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴ በጣም ናፈቀችኝ።