ኔትወርክ ነበር

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። አንተ አንባቢ ግን አታውቀኝም፣ ቀኖናም አትሰጠኝም፤ ስለዚህ ላንተ መናገር ይቀለኛል። ፈሪ ሰው የሚናዘዘው በጽሑፍ ነው።

ጭሮ ውስጥ፣ ልደትና ሞት በሚመዘገብበት ቢሮ፣ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። መስኮቱ ላይ «ኔትወርክ የለም» የሚል ካርቶን በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይገለበጣል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለ ምክንያት ሰቅዬ የተውኩትም እኔ ነኝ።

ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ኢንተርኔቱን ለግል ጉዳዩ የሚጠቀመው ለምንድን ነው ሲባል፣ አዋቂዎች ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አለቃው አያየውም፣ ሥራው ይሰለቻል ይላሉ። ብዙ አንብቤአለሁ፤ «ናፍቆት» የሚል ግን አላጋጠመኝም። የእኔ ናፍቆት ነበር። በልጅነቴ የወደድኳት፣ ከተማችንን ጭሮን እስካሁን በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ የምትል ሴት፣ ሐዋሳ ትዳር ይዛ ታስተምራለች። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል የላትም፤ ያን ጊዜ ትጽፍልኛለች። ጠዋት ቢሮ ስገባ ከሰው በፊት ሰላም የምለው የዋይፋዩን መብራት ነበር።

አንድ ሰኞ ኦቦ ሙሜ ከባለቤታቸው ከአዴ ፋጡማ ጋር ከቦኬ መጡ። ለሐጅ የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ። የሐጅ መዝጋቢዎቹ እስከ ሐሙስ ካላመጣችሁ የዘንድሮው አለፋችሁ ብለዋቸዋል። አዴ ፋጡማ ጉዞው ነገ የሚጀመር ይመስል እጃቸውን ሂና ተቀብተዋል።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ኔትወርክ አለ?»

ካርቶኑን አሳየኋቸው። «የለም አባባ።»

«መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም።»

«እንግዲህ እንደ ዝናብ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ሄደው ቢሮው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ኔትወርኩ ግን እንደዚያ ቀን ጥሩ ሆኖ አያውቅም። የሐዋሳዋ ሴት ተማሪ ሳለን አውቶቡስ ተበላሽቶብን ቦርደዴ የዋልንበትን ቀን አንስታ፣ የበላነው ፓፓያ ነው ትላለች። እኔ ሐብሐብ ነው እላለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! የጽዳት ሠራተኛችን አየችኝና፣ «ላንተ ብቻ የሚመጣ ኔትወርክ ነው እንዴ? ብቻህን ትስቃለህ እኮ» አለችኝ። «የድሮ ፎቶ እያየሁ ነው» አልኳት። ከስድስት ሰዓት በኋላ ካርቶኑን ስገለብጠው፣ ሽማግሌዎቹ የቦኬ መኪና እንዳያመልጣቸው ሄደዋል።

ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም፣ ሐሙስም። የሁለቱ ወረቀት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ያን ግማሽ ሰዓት ከእርሷ ላይ መቀነስ አልቻልኩም። አልቻልኩም ነው ወይስ አልፈለግኩም? አልፈለግኩም።

በዓመቱ ኦቦ ሙሜ ብቻቸውን መጡ።

«ዘንድሮ አንድ ወረቀት ነው፣ ልጄ። ፋጡማን ክረምት ላይ ቀበርናት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«አይዞህ! አንተ ምን ታደርጋለህ? የአላህ ሥራ ነው። ኔትወርኩም የእሱ ነው።»

ያኔ ልናገር ነበር። አፌን ከፈትኩና፣ «የአባት ስም?» አልኳቸው። ወረቀቱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ከመካ ሲመለሱ ተምር በላስቲክ ቋጥረው መስኮቴ ድረስ መጡ። «ካዕባ ፊት ቆሜ ላንተም ዱዓ አደረግኩልህ» አሉኝ። «ያ አላህ፣ የዚህን ልጅ ኔትወርክ አታጥፋበት አልኩ።» አልቀለዱም፤ ከልባቸው ነው። ተምሩን አልበላሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ደርቋል።

ዱዓው ሳይሰምር አልቀረም፤ ኔትወርኩ እንደ ድሮው አይጠፋም። ሴትየዋ ግን መጻፍ ትታለች፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። አራት ሰዓት ሲሆን አሁንም ስልኬን አያለሁ። የምናፍቀው ማንን ነው? የእርሷን ፊት ላስታውስ ስሞክር፣ ከዛፉ ሥር ጉልበት ላይ ያረፉ፣ ሂና የተቀቡ ሁለት እጆች ይመጡብኛል።

አንተን ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የተበደልከው አንተ አይደለህም። ሐጂ ሙሜ በሕይወት አሉ። ቦኬም ሩቅ አይደለም፣ መኪናው በየቀኑ ይሄዳል። እኔ ነኝ ያልሄድኩት። ብሄድ የምነግራቸው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ኔትወርክ ነበር።