የተጣሉ ሰዎች የሚጠኑበት ቤት

ከወረታ በወጣሁ ማታ እናቴ ስንቄን ታቅፋ ከጭነት መኪናው አጠገብ ቁማ ታለቅስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌጡ ግን ከቤት ንቅንቅ አላለም። ተጣልተን ነበራ!

እናንተ ፎገራ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ልንገረው። የርብ ወንዝ ውሃ ከሜዳው ሲሸሽ ሽምብራ የሚዘራው አፈሩ ሳይደርቅ ነው፣ ፋታ አይሰጥም። እኔና ጌጡ ያለን አንዳንድ በሬ ስለሆነ በቅንጃ ነበር የምናርሰው፤ ሁለቱን በሬ ጠምደን አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን። አባታችን በሞተ ዓመት ጌጡ "ታላቅ ይቀድማል" አለ። እኔ "የእኔ ማሳ ከፍታ ላይ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል" አልሁ። እልህ ተጋባን፣ በሬዎቹን ለያየን፣ የሁለታችንም መሬት ጦሙን አደረ። ሽማግሌ ሲገባ ጌጡ "መጥቶ ጉልበቴን ይሳም" አለ። አልሄድሁም፣ አገሬን ለቅቄ ወጣሁ።

ከምጽዋ በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር ጀርመን ገባሁ። ዳቧቸው ጥቁር ነው፣ ይኮመጥጣል፤ እንጀራ እንጀራ ሸተተኝና ደስ ብሎኝ ጎረስሁት፣ ግን ወጡ የታለ! ሰው ሲያገኝህ "ሞርገን"፣ እንደምን አደርህ ማለቱ ነው፣ ብሎ ያልፋል። ከብቱ እንዴት ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር፣ ኋላ መክፋቱም ቀረ።

ሥራዬ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወለል መወልወል ነው። ሕንፃው ውስጥ የሚጠናው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የተጣላ ሰው ነው! ታች ያሉት የባሕርይ አጥኚዎች ባልና ሚስት ክፍል ውስጥ አስገብተው ከመስተዋት በስተጀርባ ሆነው ያዩአቸዋል፣ ማን የማንን ንግግር እንዳቋረጠ ይቆጥራሉ። ከእነሱ በላይ ያሉት ሁለት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው የገንዘብ ጨዋታ ያጫውታሉ፣ ማን ማንን እንደሚከዳ ለማየት። ከላይ ያሉት ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ለምን እንደሚካሰስ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ።

አንድ ቀን የአጥኚዎቹን አለቃ፣ ፕሮፌሰሩን፣ "ሲጨርሱ ማን ያስታርቃቸዋል?" አልሁት።

"ማስታረቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ጥናቱን ያበላሸዋል።"

"ወይ ጉድ! ታዲያ እንደተጣሉ ወደ ቤታቸው?"

"እንደተጣሉ" አለና ብዕሩን አወጣ። "እርስዎስ የተጣሉት ሰው አለ?"

የጌጡን ነገር ነገርሁት። ዓይኑ በራ። "ግን አንድ ሰው ብቻውን አይጠናም፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ" አለ። ወደ ጌጡ ስልክ እሱ ሊያስደውልልኝ፣ እኔም ድምፃችንን በቴፕ እንዲቀዳ ልፈቅድ ተስማማን። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ጌጡ አንድ ቃል እንዲያናግረኝ።

ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ጻፍሁላቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ጌጡን ይዘው ጎንደር ስልክ ቤት ሄዱ።

"መምሬ ነኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ወንድምህ አጠገቤ ቁሟል። የተጣላ ሰው ያለ አስታራቂ አይነጋገርም ብሎኛል፤ በእኔ በኩል ተናገር።"

"ይቅር ለእግዜር ይበለኝ፣ አባቴ።"

ሲያወሩ ይሰማኛል። "ጉልበቴን ይሳም ይላል።"

"ኧረ አባቴ፣ በስልክ ጉልበት እንዴት ይሳማል!"

"እሱንም ብዬዋለሁ። ይምጣ ይላል።"

"መምጫ የለኝም ይበሉልኝ።"

ፕሮፌሰሩ በእጁ ቀጥል፣ ቀጥል ይለኛል፤ ቴፑ ይዞራል። ማልቀስ ነበረብኝ፣ አልመጣልኝም። የጌጡን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት፣ ቃሉ ግን አልተለየኝም።

"ምን አለ አባቴ?"

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እዚያ ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ይላል።"

የሚቀብረኝ ፍለጋ የዚህን አገር ሰው አንድ በአንድ አሰብሁ፤ ፕሮፌሰሩን፣ የቤቴን አከራይ፣ አብሮኝ የሚወለውለውን ሰው።

"አለህ?" አሉ መምሬ።

"አለሁ" አልሁ።