ለሙባረክ አጥንት የተላከው ቡላ

«ከእኔ የወሰዱት በቂ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ!»

ወንድሜ ሙባረክ ነው፣ አሁን ከህንድ ሆስፒታል በቪዲዮ ደውሎ። እኛ ቡታጅራ ነን። እማ «አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «አጥንትህስ?»

የእህታችን የዘይነባ መቅኔ ደም ማምረት ካቆመ ዓመት አለፈው። ከወንድምና እህቶቿ የሚሆናት የሙባረክ ብቻ ሆነ።

እማ «መቅኔ ይሰጣል» ሲሏት አጥንቱን ሊሰብሩት መሰላት። እኛ ዘንድ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ደግሞ ቡላ ነው የሚሰጠው። የሻንጣውን ግማሽ ቡላ ሞላችለት። (ኤርፖርት ላይ ያንን ነጭ ዱቄት ሲያዩ ምን እንዳሉት ባልነግራችሁ ይሻላል።)

ዛሬ ግን አጥንቱን የነካው ሰው የለም። ደሙ ከአንድ ክንዱ ወጥቶ በማሽን አለፈ፣ ማሽኑ ደም የሚሠራውን ስቴም ሴል ለይቶ አስቀረ፣ ሌላው ደም በሌላኛው ክንዱ ተመለሰለት። «ከንፈሬን ትንሽ ነዘረኝ እንጂ ደህና ነኝ» አለ።

«ታዲያ ቡላዬ በከንቱ ሄደ?» አለች እማ፣ ቅር ብሏት።

ሙባረክ ሳቀና ስልኩን አዞረው። ዘይነባ ፀጉሯ ረግፏል፣ ከስታለች። ለወንድሟ ሴል ሊያዘጋጇት ከሰጧት ከባድ መድኃኒት ወዲህ ምግብ አሳዩኝ ብላ አታውቅም። አሁን ግን ሙባረክ ያገነፋላትን ቡላ ሳህኑን እየጠረገች ነበር።

«እማ፣ ይሄ አልቋል። ሌላ ላኪልኝ» አለች።

ሴሉ ነገ ይሰጣታል፣ በዱዓችሁ አስቧት። እማ ግን አልጠበቀችም፣ ቡላ ልታስመጣ መስቃን ደውላለች።

እናንተስ? እናታችሁ ለሌላ ብላ የላከችው ለእናንተ ደርሶ ያውቃል?