የጎደለችው «ት»

የምሠራው ጎማ ቤት ነው። ኦስሎ ውስጥ ጎማ በመቀየር የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። የክረምት ጎማ ሰሞን፣ በረዶ ሊጥል ሲል፣ የመኪናው ወረፋ አስፋልቱ ድረስ ሲወጣ አለቃዬ የሚጠራው እኔን ነው። አራት ጎማ፣ ስምንት ደቂቃ። ደንበኛው ቡናውን ሳይጨርስ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፣ ወይ እሱ ተወኝ፣ ግን እጄ ዲግሪ አለው እላለሁ ለሰው ሁሉ።

ይሄን የማወራው ለጉራ ብቻ አይደለም። ለጉራም ነው። ግን ፍጥነት ሁሉ ቦታ እንደማይሠራ ሳላውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ባል ሆኜ ኖሬያለሁ።

ሚስቴን ከአዲስ አበባ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ፉሩሴት የሚባል ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መኝታ ቤት ያላት ቤት ተከራይቼ፣ ሶፋ ገዝቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ ጠበቅኳት። እሷ አስራ ሁለተኛ የጨረሰች ልጅ ናት። መጥታ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ኖርሽኩን፣ የኖርዌዮቹን ቋንቋ፣ አቀላጥፋ አወራችው። ሲከየም፣ ማለት ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት፣ ሥራ ያዘች። እኔ ስምንት ዓመት ኖሬ የኔ ኖርሽክ የጎማ ቤት ኖርሽክ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ዘይት፣ መብራት። መብራት «ሊስ» ነው የሚባለው። ደንበኛ መጥቶ «ያይ ሃር ኢከ ሊስ» ካለኝ መብራት የለኝም ማለቱ ነው፤ የፊት አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ሁለት ደቂቃ፣ በቃ። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ ጉዴ ያለው እሷ ላይ ነው።

የአልጋ ነገር ለኛ ሰው ማውራት ይከብዳል። ወንድ ለወንድ ከሆነ ይወራል፣ ያውም ተጋኖ። ሊንደበርግ የሚኖር ሚዜዬ ነበር የኔን ጉራ የሚሰማው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔም እሷም ብዙ ጊዜ እረፍት ስለሆንን ቀናችን ቅዳሜ ነው። እኔ «ነይ እስቲ» እላታለሁ፣ እሷ «እሺ» ትላለች። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። ይሄን ለሚዜዬ እንደ ዋንጫ አሳየው ነበር። እሱም አንተማ ታድለሃል ይለኛል።

ያልነገርኩት ነገር ነበር። እሺ ስትል ፊቷ ወደ መጋረጃው ነው። ሲያልቅ ተነስታ ልብሷን ታስተካክልና ወጥ ልታማስል ትሄዳለች። አንድ ቅዳሜ ጣሪያውን እያየች «ጨረስክ?» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ደጅ ቆሞ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው። እኔ ደግሞ ቀልደኛ ነኝ፣ ዝም ማለት አልችልም፣ «ስምንት ደቂቃ» አልኳት። አልሳቀችም። እኔ ግን ሳቅኩ፤ ብቻዬን የሳቅኩት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዛ ወገቤን አመመኝ ብላ ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረች። ሽማግሌ ማንሳት ሥራዋ ስለሆነ አመንኳት። ለካ ቸርች ያለች አንዲት ትልቅ እህት ጋ ሄዳ አማክራ ነበር። ሴትየዋ ጸልዪ፣ ባልሽንም አትከልክዪ ብላ መለሰቻት። ሚስቴ ደግሞ ከልክላኝ አታውቅም። ችግሩ ያ አለመከልከሏ መሆኑን ለማን ትንገር?

አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ባልና ሚስት የሚያማክር የመንግሥት ቢሮ ቀጠሮ መያዟን ነገረችኝ። ማክሰኞ ነው፣ ነጻ ነው አለች።

«ካልመጣህ ቬስትሊ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ቬስትሊ የቸርች ጓደኛዋ ትኖራለች፣ ባዶ ክፍል አላት። ሚስቴ ስትጮህ አልፈራም። ቀስ ብላ ስታወራ ነው የምፈራው። ያን ቀን ቀስ ብላ ነው ያወራችው፣ ሳህኑንም ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

ቢሮው አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ? አፌን በኖርሽክ የፈታሁ ይመስል አልፈልግም አልኩ። ጉራ ነው፣ ግን ፍርሃትም ነበረበት። ኦስሎ ውስጥ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ወይ ቸርች ታገኘዋለህ ወይ ሰርግ ላይ። ማክሰኞ የአልጋዬን ጉዳይ ሰምቶ እሁድ «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ» ሲለኝ ዓይኑን እንዴት አየዋለሁ?

አማካሪዋ ጸጉሯ የነጣ፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ሶፍት አለ። ሶፍቱን ሳየው ማን ሞተ አልኩ በልቤ። መጀመሪያ ሚስቴን ጠየቀቻት። ሚስቴ ጀርባዋን አቅንታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ማውራት ጀመረች። እንደዛ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ሌላ፣ እዛ ወንበር ላይ ያለችው ሌላ። ግማሹ አመለጠኝ። የለየሁትን ልንገራችሁ፦ መኝታ ቤት አለች። ሦስት ዓመት አለች። በጭራሽ አለች። ከዛ «ያይ ሃር ኢከ ሊስ» አለች።

እፎይ። ገጣጠምኩት። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ በጭራሽ መብራት የለኝም። እውነቷን ነው'ኮ፣ የመኝታ ቤታችን አምፖል ደብዛዛ ነው፣ በዚህ ጨለማ አገር። ለዚህ ነው ቬስትሊ የምትሄደው?

አማካሪዋ ወደ እኔ ዞረች። ይሄን ስትሰማ ምን ይሰማሃል አለችኝ።

«ችግር የለም፣ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

«እንዴት?»

«በእጄ። ሙያዬ ነው። አሥር ደቂቃም አይፈጅብኝ።»

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሚስቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ። እኔ ደግሞ እንድጨምር የፈለጉ መሰለኝና «አንድ ካነሳት ሦስት አደርግላታለሁ» አልኩ።

ባቡር ውስጥ እሷ ቦርሳዋን አቅፋ መስኮት መስኮቱን ታያለች፣ እኔ አፏጫለሁ።

ቅዳሜ እሷ የጠዋት ተረኛ ነበረች። ሄጄ ሦስት መብራት ገዛሁ፣ ያውም ትልልቅ። አንዱን ጣሪያው ላይ፣ ሁለቱን ግራና ቀኝ አልጋው ራስጌ ላይ ሰቀልኩ። ጉራ አይሁንብኝና ሽቦው እንኳ አይታይም። አልጋውን አነጠፍኩ። ኖቬምበር ስለነበር ከሥራ ስትመጣ ውጪው ጨልሟል። ካፖርቷን ሳታወልቅ እጇን ይዤ አስገባኋትና ሦስቱንም አበራሁት። ክፍሉ ጎማ ቤት መሰለ። በዛ ብርሃን የሰው አጥንት ይቆጠራል።

«ምንድነው ይሄ?» አለች።

«ሊስ። ሊስ የለኝም አላልሽም?»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዛ ገባት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከመጣች እንደዛ ስቃ አታውቅም፣ ካፖርቷ እስኪንቀጠቀጥ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላውቅም። ሳቋን አቆመችና ዓይኗን ጠረገች።

«ሊስት ነው ያልኩት» አለች። «በ‹ት›።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

ካፖርቷን እያወለቀች አሰበች። «ሊስት ማለት... ሻይ ሻይ አሰኘኝ ትል የለ? እሱ ነው። አሰኘኝ። አያሰኘኝም ነው ያልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ አሰኝቶኝ አያውቅም።»

መቀመጥ ፈለግኩ፣ ግን አልጋው ላይ ከጎኗ መቀመጥ አፈርኩ። ቆሜ ቀረሁ።

«እሺ ትይኝ ነበር'ኮ» አልኳት።

«እላለሁ። ካገሬ ስመጣ እናቴ ቋጥራ የሰጠችኝ ቃል እሷ ናት፣ እሺ በዪ ብላ። ‹እሺ› ማለት ‹አሰኘኝ› ማለት መሰለህ?» ከዛ ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። ሲከየም ውስጥ እጇም አፏም የማይታዘዝላት አንዲት አሮጊት አለች። ሚስቴ ሾርባ ስታቀርብላት መጀመሪያ «ሃር ዱ ሊስት?» ብላ ትጠይቃታለች፣ አሰኘሽ ወይ ማለት ነው። አሮጊቷ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ከነቀነቀች ሾርባው ይመለሳል። ሳይጠይቁ ማንኪያ አፏ ጋ ማድረስ እዛ ነውር ነው። «በቀን ሃምሳ ጊዜ እጠይቃለሁ» አለች ሚስቴ። «እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም አልጠየቅከኝም።»

ቃሉ'ኮ አለን። ያ ነው የቆጨኝ። ግን አማርኛው ለሻይና ለቆሎ ነው የሚያገለግለው። ሴት አማረኝ፣ አሰኘኝ ካለች «አርግዘሽ ነው እንዴ?» ነው የምትባለው።

ቁምሳጥኑ ላይ መስታወት አለ። ሦስት አምፖል ሥር ራሴን አየሁት። እጄ ጥቁር ነው፣ የጎማ ጥቁር፣ ታጥቦም አይለቅ። እኔ ይሄን ነገር የተማርኩት ሰፈር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ከሚያወሩ ልጆች ነው። አሁን ሳስበው ከመሃላቸው ሴት ነክቶ የሚያውቅ አልነበረም። ወንድ ልጅ አይጠይቅም፣ ያውቃል ነበር የሚሉት። እኔ ደግሞ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጎ ማውራት ከልጅነቴ ተክኜበታለሁ። ሄጄ ሁለቱን መብራት አጠፋሁ።

እሁድ ከቸርች በኋላ ሻንጣዋን ይዛ ቬስትሊ ሄደች። አልተጣላንም። ሻንጣውን እስከ ባቡሩ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ለስንት ጊዜ ነው ስላት አላውቅም አለች።

የዛኑ ሳምንት ሊንደበርግ ሄጄ ለሚዜዬ ሁሉንም ነገርኩት፣ የአምፖሉንም ጭምር። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሻዩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየ። «የኔዋም'ኮ እሺ ነው የምትለው» አለኝ።

ከኛ በረንዳ ሸለቆውን ተሻግሮ የቬስትሊ በኩል ያሉት ፎቆች ይታያሉ። በዓይን ቅርብ ነው። በባቡር ግን ከተማ ድረስ ወርደህ፣ ቀይረህ፣ እንደገና ዳገቱን ትወጣለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዛ እሄድ ጀመር። በር ላይ ቆሜ «መውጣት ያሰኝሻል?» እላታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜ «ነይ» አለችኝ። በኖርሽክ ነው፣ አይ ማለት ነው። አስቡት፣ ሦስት ዓመት እኔ ነይ ስላት እሺ ትለኝ ነበር፤ አሁን እኔ ስጠይቃት ነይ ትለኛለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ስመለስ ተናድጄ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ባቡሩ ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ፦ ይሄ ከሚስቴ የሰማሁት የመጀመሪያው አይ ነው። የእውነት የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገርም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ወጣች። በረዶው ላይ ተራመድን። እጅሽን ልያዝ ስላት አሰበችና ጓንቷን አውልቃ እጇን ሰጠችኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ አልፈቀደችም። እኔም አልጠየቅኩም ለምን ብዬ።

ከገና በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። ቬስትሊ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሞ ይጠብቃል። ልገባ ስል፣

«አንተስ?» አለችኝ። «አንተን ምን ያሰኝሃል?»

ቀልድ አፌ ላይ ነበር። አንድ ሳይሆን ሦስት ቀልድ። ግን ጥያቄውን አሰብኩት። ለካ እኔንም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔ ራሴ እንኳ። እኔ የማውቀው መፍጠን ነው። አለቃዬ ቶሎ ይለኛል፣ ደንበኛው ቶሎ ይለኛል፣ አልጋ ላይ ማንም ሳይለኝ ቶሎ እላለሁ፣ ሳይታወቅብኝ ልጨርስ እንደሚል ሌባ።

«ደክሞኛል» አልኳት። ድምጼ የኔ አልመሰለኝም። «ከጎንሽ መተኛት ነው የሚያሰኘኝ። ዝም ብሎ መተኛት፣ ምንም ሳናደርግ። ጀርባዬ ላይ እጅሽን ብታደርጊ... ከፈለግሽ ነው። ሃር ዱ ሊስት?»

‹ት›ዋን አጥብቄ ነው ያልኳት። ሳቋ መጣና ያዘችው። መሬት መሬቱን አየች፣ ከዛ እኔን። እሺ ልትል ነው ብዬ ፈራሁ። እሺ ብትለኝ ብቻዬን ባቡሩ ውስጥ ገብቼ እሄድ ነበር፣ ይሄን ወስኜ ነበር።

«ያ» አለች። በኖርሽክ። አዎ።

ሻንጣዋን አልያዘችም፣ «አትቸኩል» አለችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባቡሩ ከተማ ወርዶ፣ ቀይረን፣ ወደ ፉሩሴት እስኪወጣ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። እኔ ያን ቀን ሰዓቴን አላየሁም። ግሮሩድን ስናልፍ ብቻ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ፣ ሦስቱ መብራት አሁንም አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት።

«አንዱ ይበቃል» አለች።