የፊልትሮው አቧራ

በሆሳዕና ጋራዥ መካኒክ የነበረው ሸምሱ አንድ የማይተወው አመል ነበረው። የመኪና አየር ፊልትሮ ፈትቶ አቧራውን በጣቱ ካሸ በኋላ፣ ሹፌሩ ከየት እንደመጣ ይነግረዋል። ተሳስቶ አያውቅም፤ ሹፌሮቹም ይስቁለት ነበር።

በደርግ ዘመን፣ መምህር ኤልያስ የሚባል ሰው ከሾኔ ከተማ ደብዛው በጠፋ በአራተኛው ቀን፣ አንድ ካድሬ ቱርቦ ያላትን አዲስ መኪናውን ይዞ መጣ።

"ጉልበት አጥታለች። ሳምንቱን ሙሉ ከሆሳዕና ንቅንቅ ሳትል!" አለ።

ሸምሱ ፊልትሮውን ሲያወጣ አቧራ እንዲይዝ የተቀባው ዘይት ላይ የተጋገረው አቧራ ነጭ ነው። የሆሳዕና አቧራ ደግሞ ቀይ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ "ኧረ ጓድ! ይሄማ ከሾኔ በታች ያለው የቢላቴ በረሃ አቧራ ነው" አለ እየሳቀ።

ካድሬው አልሳቀም። ግራና ቀኙን አየና፣ "በል አጥበህ ግጠመው። ከዚያ አብረን ወርደን ቦታውን ታሳየኛለህ" አለው።

ሸምሱ ፊልትሮውን በነጭ ጋዝ አጠበ፣ ጥላ ላይ አደረቀ። ዘይቱን ስስ አድርጎ ቀባ፤ ከበዛ ቱርቦው ይጠጣዋል። ብሎኑንም በደንብ አጠበቀው። ሞተሩ ሲነሳ ጉልበቱ ተመልሷል።

የኋላው በር ተከፈተለት።